አንድ ቀን በእስክንድርያ፤ ስለ ከተማይቱ ታሪክና ስለ ገበታዋ



ይህን ጋዜጣ በእጃችሁ ስትይዙ በመጀመሪያ ያያችሁት በራስጌው የታተመውን ዕለትና ዓመተ ምሕረት ሳይሆን አይቀርም። በየመሥሪያ ቤታችሁም ደብዳቤ ስትጽፉ ከሁሉ አስቀድማችሁ የምታሰፍሩት ይኸንኑ ቀን ነው። ነገር ግን ይህ ቀን ከወዴት መጣ? ዓመቱ ዐሥራ ሦስት ወር፣ ጳጉሜንም በየአራት ዓመቱ ስድስት እንድትሆን የወሰነ ማነው? ከአውሮፓውያንስ በሰባትና በስምንት ዓመት የተለየነው ስለ ምንድን ነው? ብላችሁ ብትጠይቁ መልሱ የሚገኘው በሜዲቴራኒያን ባሕር ጠረፍ ባለች በአንዲት ከተማ ነው። ይህችውም እስክንድርያ ናት።

የእስክንድርያን ስም የማያውቅ ከመካከላችን የለም ማለት ይቻላል። በቅዳሴ ይጠራል፤ በስንክሳር ይነበባል፤ በፍትሐ ነገሥትም ተጽፏል። ዳሩ ግን ስሟን የምናውቀውን ያህል መልኳን አናውቀውም። ሰው ዓሣ የሚገዛባት፣ በዋጋ የሚከራከርባት፣ ጧት ቍርሱን ቆሞ በልቶ ወደ ሥራው የሚሮጥባት ከተማ መሆኗን ብዙዎቻችን አስበነው አናውቅም። ስለዚህ ዛሬ ከጧት እስከ ማታ በእስክንድርያ ጐዳናዎች እንድትመላለሱ እጋብዛችኋለሁ። መሪያችንም ገበታዋ ይሆናል። ምክንያቱም የዚህች ከተማ የጥንት ሕንጻዎች ገሚሶቹ በባሕር ውስጥ ሰጥመዋል፤ ገሚሶቹም ከዛሬዎቹ ቤቶች ሥር ተቀብረዋል፤ ምግቧ ግን በየመንገዱ በግልጥ ይታያል። ዓመቶቹን በአውሮፓውያን አቈጣጠር እሰጣለሁ፤ የእኛው ሲሆን «ዓ.ም.» ብዬ አመለክታለሁ።

የከተማይቱ ታሪክ ራሱ የሚጀምረው በዱቄት ነው። ጸሐፊው ፕሉታርክ እንደሚተርከው፣ የመቄዶንያው ንጉሥ ታላቁ እስክንድር ከክርስቶስ ልደት በፊት በ331 ዓመት ራቆቲስ በምትባል መንደር አጠገብ ቆሞ የአዲሲቱን ከተማ ንድፍ በመሬት ላይ እንዲያሰምሩ ባዘዘ ጊዜ ለማስመሪያ የሚሆን ነጭ አፈር አልተገኘም። ስለዚህ የገብስ ዱቄት አምጥተው በጥቁሩ መሬት ላይ የመንገዱንና የቅጥሩን መስመር አሰመሩ። ወዲያው እንደ ደመና የበዛ የወፍ መንጋ መጥቶ ዱቄቱን አንድም ሳያስቀር ለቅሞ ጨረሰው። ንጉሡም ደነገጠ። ጠንቋዮቹ ግን «ይህች ከተማ ከየአገሩ ለሚመጣ ሰው ሁሉ መጋቢ ትሆናለች ማለት ነው» ብለው አጽናኑት። እስክንድር ከተማይቱ ተሠርታ አላየም። በ323 ዓመት በባቢሎን ሞተ፤ ሬሳው ወደ እስክንድርያ መጥቶ ቢቀበርም መቃብሩ የት እንደ ሆነ ዛሬ የሚያውቅ የለም። የጠንቋዮቹ ነገር ግን እንደ ተባለው ሆነ። ሮማውያን ግብጽን ከያዙ በኋላ የሮማ ሕዝብ እንጀራ በብዛት የሚጫነው ከዚህ ወደብ ነበር። በሐዋርያት ሥራ በ27ኛው ምዕራፍ ቅዱስ ጳውሎስ ታስሮ ወደ ሮማ ሲሄድ የተሳፈረባት መርከብ የእስክንድርያ መርከብ እንደ ነበረች፣ ማዕበሉ በበረታ ጊዜም መርከበኞቹ ስንዴውን ወደ ባሕር እንደ ጣሉት ታስታውሳላችሁ። ያች መርከብ ከእነዚያ ስንዴ አመላላሾች አንዲቱ ነበረች።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉ። ያ ስንዴ የበቀለበት አፈር በየክረምቱ ዓባይና ተከዜ ከአገራችን ተራሮች አጥበው የወሰዱት ደለል ነው። ስለዚህም ነገር ኋላ ከዓሣው ገበያ ስንደርስ እመለስበታለሁ።

እንግዲህ ቀኑን እንጀምር። በእስክንድርያ ጧት ከተነሣችሁ ከሁሉ አስቀድሞ የሚያገኛችሁ የከሙን ሽታ ነው። በየመንገዱ ማዕዘን ባለጋሪው ሆዱ ሰፊ፣ አንገቱ ጠባብ የሆነ ትልቅ የብረት ማሰሮ አቁሞ ይጠብቃችኋል። ማሰሮው ቅድራ ይባላል። በውስጡ ያለው ፉል ነው፤ በእኛ ቋንቋ ባቄላ። ሌሊቱን ሁሉ በዝግታ እሳት ሲበስል ስላደረ ፍሬው ቅርጹን ሳይለቅ እንደ ቅቤ ልሟል። የማሰሮው አንገት የጠበበውም እንፋሎቱ ወጥቶ እንዳያልቅና ባቄላው እንዳይደርቅ ነው። ሻጩ በረጅም ጭልፋ ቀድቶ ዘይት፣ ጨው፣ ከሙንና ሎሚ ይጨምርበታል። የእስክንድርያ ሰዎች ግን በዚህ ብቻ አይበቃቸውም። ቲማቲም፣ ሽንኵርት፣ ነጭ ሽንኵርትና ቃሪያ ከትፈው፣ የሰሊጥ ልቁጥም ጨምረው ያሹታል። የካይሮ ሰው ይህን ሲያይ ፉሉን አበላሻችሁት ይላቸዋል፤ እነርሱም የካይሮው ፉል ገና ያልተጨረሰ ነው ይላሉ። በእኔ አስተያየት እስክንድርያውያን ሳይረቱ አልቀሩም።

ከፉሉ ጋር የሚቀርበው ክብ ቂጣ ዐይሽ ይባላል። ዳቦ በሌላው የዐረብ አገር ኹብዝ ሲባል ግብጻውያን ብቻ ዐይሽ ይሉታል፤ ትርጓሜውም ሕይወት ማለት ነው። አጠገቡም ጣዕሚያ የሚባለው ተጠብሶ ይቀርባል። ይህም ባቄላው ጥሬውን ተዘፍዝፎ ተፈጭቶ፣ ከሽንኵርትና ከቅጠላ ቅጠል ጋር ተለውሶ፣ በዘይት የተጠበሰ ነው። ሌሎች አገሮች ተመሳሳዩን በሽንብራ ይሠሩታል። ሥጋና ወተት ስለሌለበት የግብጽ ክርስቲያኖች በጾማቸው ወራት የሚውሉት በዚህ ነው፤ የጾማቸው ሥርዓት ከእኛ ጋር ዘመድ መሆኑን ለእናንተ መንገር አያሻም። ፉል በአዲስ አበባ ቍርስ ቤቶችም ቤተኛ ከሆነ ቈይቷልና እስክንድርያ የደረሰ የእኛ አገር ሰው በጧቱ ገበታ እንግድነት አይሰማውም።

ከቍርስ በኋላ ወደ ደቡብ ምዕራብ ወደ ድሆቹ ሰፈር ብታቀኑ በኮረብታ ላይ አንድ ቀይ ዓምድ ብቻውን ቆሞ ታያላችሁ። ከአስዋን የመጣ የጥቁር ድንጋይ ዘመድ በሆነ በቀይ ግራናይት የተሠራ፣ ከነመሠረቱና ከነጉልላቱ ወደ 27 ሜትር የሚጠጋ ነው። አውሮፓውያን መንገደኞች የሮማዊው ጦር አለቃ የፖምፔይ ዓምድ ነው ብለው ተሳስተው ስለ ሰየሙት ይኸው የስሕተት ስም እስከ ዛሬ ቀርቶበታል። በእግሩ ላይ የተቀረጸው ጽሕፈት ግን ዓምዱ የቆመው ለዲዮቅልጥያኖስ ክብር መሆኑን ይናገራል። አዎን፣ ያው ዲዮቅልጥያኖስ ነው! የነገሠበት 284 ዓመት የዓመተ ሰማዕታት መጀመሪያ ሆኖ የሚቈጠርበት፣ ክርስቲያኖችን ያሳደደው ንጉሥ። ታዲያ እስክንድርያውያን ስለ ምን ሐውልት አቆሙለት? በ297 ከተማይቱ ዐምፃበት ስለ ነበረ ወራት ያህል ከቦ አስርቦ ያዛት፤ ብዙ ሰውም አስገደለ። ከዚያ በኋላ ግን ወደ ሮማ ከሚጫነው እህል ከፍሎ ለተራበው ሕዝብ እንዲታደል አደረገ። የብዙ የታሪክ ሰዎች አሳብ ዓምዱ ለዚያ እህል የተከፈለ ምስጋና ነው የሚል ነው። ያስራበ እጅ እንጀራ ሲሰጥ ይመሰገናል። ሰማዕታቱን የሚያስታውስ እንዲህ ያለ ረጅም ዓምድ በከተማይቱ አለመቆሙን ስታስቡ ልባችሁ ቅር ይለዋል።

ከዚያው ሳትርቁ ኮም ኤል ሹቃፋ የሚባለውን የምድር ውስጥ መቃብር ታገኛላችሁ። በ1900 ዓመት አንድ አህያ መሬቱ ተደርምሶበት ገደል በገባ ጊዜ ነው የተገኘው ይባላል። በአንደኛውና በሁለተኛው መቶ ዓመት የተፈለፈለ ሲሆን፣ በጉድጓዱ ዙሪያ እንደ ቀለበት በሚዞር ደረጃ ወደ ታች ትወርዳላችሁ። በግድግዳው ላይ የግብጽ አማልክት የሮማን ወታደር ልብስ ለብሰው ተቀርጸዋል። ከሁሉ ይልቅ የሚያስደንቀው ግን አንድ ክፍል ነው። በሦስት ወገን ከዐለት የተጠረበ መደብ አለው፤ ይህም የሟቹ ዘመዶች በመታሰቢያው ቀን ተቀምጠው የሚበሉበት የግብር አዳራሽ ነበር። ምግቡንም በሸክላ ይዘው ይወርዱ ነበር። ከበሉ በኋላ ከመቃብር የወጣ ዕቃ ወደ ቤት መመለስ ስለማይወዱ ሸክላውን እዚያው ይሰብሩት ስለ ነበረ በላዩ የገል ክምር ተከማቸ፤ የሰፈሩም ስም «የገል ክምር» ማለት ነው። ተዝካር አውጥቶ፣ ወዳጅ ዘመድ ጠርቶ፣ ለሙት ሲል የሚያበላ ሕዝብ ልጅ በዚያ መደብ አጠገብ ሲቆም ጸጥ ማለቱ አይቀርም።

ቀትር ሲቃረብ ወደ ባሕሩ እንመለስ። ጥንት ከከተማይቱ ፊት ለፊት ፋሮስ የምትባል ደሴት ነበረች። የእስክንድር ተከታዮች የሆኑት በጥሊሞሶች ርዝመቱ ሰባት ስታዲዮን፣ ማለትም ከአንድ ኪሎ ሜትር የሚበልጥ የድንጋይ ድልድይ ሠርተው ደሴቲቱን ከየብስ ጋር አገናኟት። በዚህም ምክንያት በቀኝና በግራ ሁለት ወደብ ተገኘ። ድልድዩን ባሕሩ ራሱ በዘመናት ብዛት በአሸዋ ሞላው፤ ዛሬ በላዩ ሰፈርና ገበያ አለ። ስለዚህ በዚያ ሰፈር ስትሄዱ የምትረግጡት የጥንት ባሕር ነው። በደሴቲቱም ጫፍ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ280 ገደማ ከመቶ ሜትር በላይ ከፍ ያለው፣ ከዓለም ሰባት ድንቆች አንዱ የሆነው የብርሃን ግንብ ተሠራ። የዐረቡ መንገደኛ ኢብን ባጡታ በ1326 ሲያልፍ ከግንቡ አንዱ ወገን ፈርሶ አገኘው፤ በ1349 ሲመለስ ግን ከመፍረሱ ብዛት የተነሣ ወደ በሩ መድረስ አልተቻለም። የምድር መናወጥ ነበር የጣለው። ሱልጣን ቃይትባይም በ1477 በዚያው ቦታ ላይ ዛሬ የሚታየውን ምሽግ መሥራት ጀመረ። ከ1994 ጀምሮ የፈረንሳይ አርኬዎሎጂ ሊቃውንት ከምሽጉ በታች በባሕሩ ውስጥ ሲጠልቁ በብዙ ሺህ የሚቈጠሩ የተጠረቡ ድንጋዮችና የተሰበሩ ሐውልቶች አገኙ፤ ከመካከላቸውም እያንዳንዱ ብዙ ቶን የሚመዝን የግንቡ ክፍል የነበረ አለ።

ከምሽጉ ጥቂት ራቅ ብሎ አንፉሺ የሚባለው የዓሣ አጥማጆች ሰፈር አለ። ጎሕ ሲቀድ በዚህ ቦታ ዓሣው በጨረታ ይሸጣል፤ ለምሳ ስትመጡም በየምግብ ቤቱ ደጃፍ በበረዶ ላይ ተደርድሮ ይጠብቃችኋል። ሥርዓቱ እንዲህ ነው። መጀመሪያ ዓሣችሁን በዓይናችሁ ትመርጣላችሁ፤ ሻጩ ይመዝናል፤ ከዚያ በኋላ እንዴት ተደርጎ እንዲሠራላችሁ ትነግሩታላችሁ። እንግዳ ከሆናችሁ ሁለት ነገር እዘዙ ብዬ እመክራለሁ። አንደኛው በፉርሽካ የሚጠበሰው ነው፤ ቡሪ የሚባለውን ዓሣ ቅርፊቱን ሳያነሡ በስንዴ ፉርሽካ ጀቡነው በኃይለኛ እሳት ላይ ያኖሩታል። ፉርሽካው እስኪጠቍር ይቃጠላል፤ ሥጋው ግን ከውስጥ ወዙን እንደ ያዘ ይበስላል። ሲቀርብላችሁ ከላይ ያረረውን ልጣችሁ ነጩን ሥጋ በሎሚና በከሙን ትበላላችሁ። ሁለተኛው ሰያዲያ ነው። ትርጓሜውም የአጥማጆች ምግብ ማለት ነው። የአሠራሩን ምስጢር የእኛ ባለሙያ ሴቶች ወዲያው ይገነዘቡታል። ሁሉ ነገር በሽንኵርቱ ላይ ነውና! ሽንኵርቱ እንደ ዶሮ ወጥ ቍሌት በትዕግሥት እየታሸ እስኪጠይም ይጠበሳል፤ ሩዙም በዚያው ስለሚበስል ጠይሞ ይወጣል፤ ዓሣው በላዩ ይቀመጣል። ቍሌቱ የቸኰለ እንደ ሆነ ሩዙ ነጥቶ ያሳብቃል።

አሁን ወደ ዓባይ ነገር ልመለስ። ጥንት በየዓመቱ በነሐሴና በመስከረም የዓባይ ሙላት ወደ ባሕሩ ሲገባ ከደጋችን ያመጣው ደለል ውሃውን ያለመልመው ነበር። በዚያ ውሃ ለዓይን የማይታዩ ጥቃቅን እጽዋት ይበዛሉ፤ እነርሱን ለመብላት ሳርዲን የሚባለው ትንሽ ዓሣ እንደ አሸዋ ፈልቶ ወደ ዳርቻው ይጠጋል፤ የእስክንድርያና የደልታው አጥማጆችም በዚያ ወራት መረባቸውን ሞልተው ይገቡ ነበር። በ1962 ዓመት የተያዘው ሳርዲን ወደ 18 ሺህ ቶን ይደርስ ነበር። የአስዋን ትልቅ ግድብ ከ1964 ጀምሮ ሙላቱን ማቆም በጀመረ ጊዜ ግን ደለሉ ከግድቡ በስተኋላ ተኝቶ ቀረ፤ በዚያው ዐሥር ዓመት መጨረሻ የሳርዲኑ መጠን ከ1 ሺህ ቶን በታች ወረደ። ግድቡ ለግብጽ መብራትና የመስኖ ውሃ እንዳመጣላት የታወቀ ነው፤ የአጥማጆቹ ገበታ ግን ከተራሮቻችን ጋር በአንድ ክር የታሰረ እንደ ነበረ የታወቀው ክሩ ሲበጠስ ነው። ከ1980ዎቹ ወዲህ ዓሣው በከፊል ተመልሷል፤ ሊቃውንቱ እንደሚሉት የዛሬው ምግቡ ከእርሻ ማዳበሪያና ከከተሞች ፍሳሽ የሚገኝ ነው።

ከምሳ በኋላ የምሥራቁን ወደብ ዳርቻ ይዘን እንሂድ። በዚህ ወገን የጥንቱ የነገሥታት ሰፈርና ዝነኛው ቤተ መጻሕፍት ይገኙ ነበር። ኤራቶስቴንስ የሚባለው ሊቅ በዚሁ ተቀምጦ በእስክንድርያና በአስዋን የፀሐይን ጥላ በማነጻጸር የምድርን ዙሪያ የለካው በዚያ ዘመን ነው። ለእኛ ከዚህ የሚበልጠው ግን ሌላ ሥራ ነው። ብሉይ ኪዳን ከዕብራይስጥ ወደ ግሪክ የተተረጐመው ከክርስቶስ ልደት በፊት በሦስተኛው መቶ ዓመት በዚህች ከተማ ተጀምሮ ነው። ይህ ሰባው ሊቃናት የተረጐሙት የሚባለው መጽሐፍ ነው። አባቶቻችንም ብሉይን ወደ ግእዝ የመለሱት በአብዛኛው ከዚሁ ነው።

የዘመን አቈጣጠራችንም እንዲሁ ነው። የግብጻውያን ዓመት 365 ቀን ብቻ ስለ ነበረ በየአራት ዓመቱ አንድ ቀን ይሳሳት ነበር። በ238 ዓመት ቅድመ ልደተ ክርስቶስ ካህናት ከእስክንድርያ አጠገብ ባለችው በካኖፖስ ተሰብስበው ስድስተኛ ቀን እንዲጨመር ወሰኑ፤ ሕዝቡ ግን አልተቀበለም። በመጨረሻ ያጸናው የሮማው ቄሣር አውግስጦስ ነው። ውሳኔ ወጥቶ ሁለት መቶ ዓመት ያህል ሥራ ላይ ሳይውል መቅረቱን ስትሰሙ የመዝገብ ቤት ሠራተኞች ብዙም አትደነቁ ይሆናል። ፋሲካና አጽዋማት የሚወጡበትን ባሕረ ሐሳብ ደግሞ ትውፊታችን ለእስክንድርያው ፓትርያርክ ለድሜጥሮስ ይሰጠዋል። ድሜጥሮስ ያልተማረ የወይን አትክልተኛ ነበር፤ ያለ ወቅቱ የበሰለ የወይን ዘለላ አግኝቶ ለፓትርያርኩ በወሰደ ጊዜ ለመንበሩ ተመረጠ ይላል ስንክሳሩ። ዓለም ከተፈጠረ እስከ ክርስቶስ 5500 ዓመት ብሎ የቈጠረውም በአምስተኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ የነበረ አንያኖስ የሚባል የእስክንድርያ መነኵሴ ነው። በ525 ደግሞ በሮማ ዲዮናስዮስ የሚባል ሌላ መነኵሴ በሌላ መንገድ ቈጠረ፤ አውሮፓ የእርሱን ያዘ፤ እኛ የእስክንድርያውን። የሰባትና የስምንቱ ዓመት ልዩነት እንግዲህ የሁለት መነኮሳት የሒሳብ ልዩነት ነው። ቤተ መጻሕፍቱን በተመለከተ፣ ጥንታዊው በምን ሰዓት እንደ ጠፋ ሊቃውንት አይስማሙም፤ የዐረቦቹ ከሊፋ አስቃጠለው የሚለው ወሬ ግን ነገሩ ተፈጸመ ከተባለበት ዘመን ስድስት መቶ ዓመት ያህል ቈይቶ የተጻፈ ስለ ሆነ አይታመንም። በ2002 በዚያው ዳርቻ አዲስ ቤተ መጻሕፍት ተከፍቷል። ክብ ሆኖ ወደ ባሕሩ ያዘነበለ ሲሆን፣ የግራናይት ግድግዳው የብዙ ሕዝቦች ፊደል ተቀርጾበታል።

ከእስክንድርያ ጋር ያለን ዝምድና ሁሉ ግን እንደ ወይን ዘለላ ጣፋጭ አልነበረም። በአራተኛው መቶ ዓመት ፍሬምናጦስ ከአክሱም ተነሥቶ ወደ ቅዱስ አትናቴዎስ ሄዶ ለዚያች አገር ጳጳስ ላክ ባለው ጊዜ፣ አትናቴዎስ «ከአንተ የሚሻል ማን ይገኛል?» ብሎ እርሱኑ ሾሞ መለሰው። ይህም አባ ሰላማ ከሣቴ ብርሃን ነው። ከዚያ ጊዜ ጀምሮ እስከ 20ኛው መቶ ዓመት ድረስ ጳጳሳችን ከግብጽ ይመጣ ነበር። በፍትሐ ነገሥትም ኢትዮጵያውያን ከሊቃውንታቸው መካከል ጳጳስ አይሹሙ የሚል ቃል የኒቂያ ጉባኤ ቀኖና ተብሎ ተጽፏል። የኒቂያ አባቶች በ325 ያወጧቸው ቀኖናዎች ግን 20 ብቻ ናቸው፤ ይህ በመካከላቸው የለም። ኋላ በዐረብኛ በተጻፈ ስብስብ የተጨመረ ነው። እናንተ በየቀኑ ወረቀት የምትመረምሩ ሰዎች ናችሁና አስቡት! ያላጸደቀው ጉባኤ ስም የተጻፈበት አንድ አንቀጽ አንድን ትልቅ ሕዝብ ለብዙ መቶ ዓመታት አሠረው። ጳጳሱ ሲሞት መልእክተኞች ወርቅ ይዘው በበረሃ ይሄዱ ነበር፤ አንዳንድ ጊዜም መንበሩ ለብዙ ዓመት ባዶ ይቀር ነበር፤ ቄስና ዲያቆን የሚሾም ሲታጣ የምእመናን ጭንቀት ምን ያህል እንደ ነበረ ታሪክ ይመሰክራል። በ1929 አራት ኢትዮጵያውያን መነኮሳት በካይሮ ኤጲስ ቆጶስነት ተሾሙ። ከእነርሱ አንዱ በ1936 በፋሺስቶች የተገደሉት አቡነ ጴጥሮስ ናቸው። በ1951 አቡነ ባስልዮስ ሊቀ ጳጳስ፣ በ1959ም ፓትርያርክ ሆኑ። በዚህ ነገር ውስጥ ባለዕዳም ባለመብትም እኛው ነን። መጽሐፉንና ቀኑን የሰጠችን ከተማ፣ ያለ እርሷ ፈቃድ እንዳንቆም ያደረገችን ከተማ አንዲቱ ናት፤ አንዱን አንሥቶ ሌላውን መተው ታሪክን ማጕደል ይመስለኛል። እስክንድርያ በሌላ ቀንም መንገዳችን ሆና ታውቃለች። በሰኔ 1932 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ከእንግሊዝ አገር ስደታቸው በአውሮፕላን ሲመለሱ በዚህች ወደብ አርፈው ነበር፤ ከዚያ ወደ ሱዳን አለፉ።

ከሰዓት በኋላ ቡና ያስፈልጋችኋል። ራምል በሚባለው አደባባይ አካባቢ እንደ ትሪያኖንና እንደ ዴሊስ ያሉ አሮጌ የጣፋጭና የቡና ቤቶች አሉ፤ ዴሊስ በ1922 የተከፈተ ነው። ናፖሊዮን በ1798 ሲደርስ እስክንድርያ ጥቂት ሺህ ሰው ብቻ የቀረባት ፍርስራሽ ነበረች። መሐመድ ዓሊ የዓባይን ውሃ በቦይ አምጥቶ ካቀናት በኋላ ጥጥ ሊነግዱ ግሪኮች፣ ኢጣሊያኖች፣ አይሁድ፣ አርመኖችና ሶርያውያን ጐረፉባት። ቆንስጣንጢኖስ ካቫፊ የሚባለው ዝነኛ የግሪክ ባለቅኔ በ1863 የተወለደውና በ1933 የሞተው በዚህችው ከተማ ነው። የዕለት እንጀራውን የሚያገኘውም በመስኖ መሥሪያ ቤት ጸሐፊ ሆኖ ነበር። ዜግነቱ የግሪክ ስለ ነበረ በጊዜያዊነት ተቀጥሮ፣ ውሉ እየታደሰ ሠላሳ ዓመት አገለገለ። ቅኔውንም ለመጽሐፍ ነጋዴ ሳይሰጥ በልቅ ወረቀት እያሳተመ ለወዳጆቹ ያድል ነበር። የመሥሪያ ቤቱ አለቆች ስም ተረስቷል፤ የጊዜያዊው ጸሐፊ ቤት ግን ዛሬ ሙዚየም ነው። ጋማል አብደል ናስር የሱዌዝን ቦይ መወረስ በሐምሌ ወር 1956 ያወጁት በዚሁ ከተማ በመንሺያ አደባባይ ነው። ከዚያ በኋላና በ1961ዱ ውርስ ጊዜ የውጭ አገር ተወላጆቹ ብዙዎቹ ሻንጣቸውን ይዘው ሄዱ። ከአገሬው ድኻ ጕልበት የበለጸጉ ስለ ነበሩ ሕዝቡ ብዙም አላለቀሰላቸውም፤ ዳሩ ግን እዚያው ተወልዶ ሌላ አገር የማያውቅ ጫማ ሠሪና ዳቦ ጋጋሪም ከእነርሱ ጋር ሄዷል። የጣፋጭ ቤቶቹ ኬክ ቀርቷል።

ፀሐይ ስትጠልቅ ለእራት ከጋሪ ላይ ጉበት ብሉ። የእስክንድርያ ጉበት በግብጽ ሁሉ የታወቀ ነው። የበሬ ጉበት በስሱ ተቆርጦ፣ ከነጭ ሽንኵርት፣ ከቃሪያና ከከሙን ጋር በሰፊ የብረት ምጣድ ላይ ቶሎ ተገላብጦ፣ በረጅም ለስላሳ ዳቦ ውስጥ ገብቶ ይሰጣችኋል። ዱለት ለለመደ ሰው ቃሪያው የሚፈራ አይደለም። ዳቦአችሁን ይዛችሁ ወደ ባሕሩ ዳር ብትወጡ የከተማው ሰው ሁሉ በዚያ ሲናፈስ ታገኙታላችሁ። አሁን ከ5 ሚሊዮን በላይ የሆነው ሕዝብ ከባሕርና ከሐይቅ መካከል በጠባብ መሬት ላይ ተጨናንቆ ይኖራል። በ365 ዓመት ሐምሌ ላይ ባሕሩ ከምድር መናወጥ በኋላ ሸሽቶ ተመልሶ በመጣ ጊዜ መርከቦችን አንሥቶ በቤቶች ጣራ ላይ እንዳስቀመጣቸው አሚያኑስ የሚባለው የታሪክ ጸሐፊ ጽፏል። የዛሬው ባሕር እንዲያ አይቸኵልም። ቀስ እያለ ከፍ ይላል፤ መሬቱም ቀስ እያለ ዝቅ ይላል፤ ዳርቻውን ይጠግን የነበረው ደለልም አይደርስም። ስለዚህ ማዕበሉን የሚሰብሩ ትልልቅ የሲሚንቶ ድንጋዮች በቃይትባይ ምሽግ ሥርና በጐዳናው ዳር ተከምረዋል። ማታ ማታ ወጣቶችና ሽማግሌዎች በእነዚያ ድንጋዮች ላይ ተቀምጠው፣ በሸምበቆ ዘንጋቸው መንጠቆ ጥለው፣ ለነገ የሚሆን ዓሣ ይጠብቃሉ።